በአንድ አልጋ ዙሪያ ስንት ተማሪ ይቆማል?

በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ የኮሌጃችን ዲን ወደ ቢሮዬ ብቅ ብለው «ሲስተር፣ ለመጪው ዓመት ስንት ተማሪ እንቀበል?» ይሉኛል። እኔም በየዓመቱ ጥያቄያቸውን በጥያቄ እመልሳለሁ፤ «ስንት አልጋ አለን?» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ስለ ተማሪዎች ማደሪያ የምናገር መስሏቸው ኮሌጃችን ለተማሪ መኝታ እንደማይሰጥ በትዕግሥት ሊያስረዱኝ ይሞክሩ ነበር። እኔ የምለው ግን በሽተኛ የተኛበትን አልጋ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የነርሲንግ ትምህርት ክፍልን መምራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በሕፃናትና በውስጥ ደዌ ዋርዶች በነርስነት ሠርቻለሁ። የዲግሪ ፕሮግራሙን እንዴት እንዳሳደግነው እንድጽፍ የጠየቁኝ የሙያ ባልደረቦች አሉ፤ ታሪኩን በሐቅ ልንገር ካልኩ መጀመር ያለብኝ ካበላሸንበት ዓመት ነው።

ኮሌጁ ለረጅም ጊዜ ሲያሠለጥን የኖረው በደረጃ 4 ነበር፤ ሰዉ እስከ ዛሬም «ዲፕሎማ» እያለ ይጠራዋል። ወደ ዲግሪ ለመሸጋገር የእውቅና ፈቃድ ስንጠይቅ ያዘጋጀነው ማስረጃ አንድ ካርቶን ሙሉ ነበር። የመምህራኑ የትምህርት ደረጃ፣ የመጻሕፍቱ ብዛት፣ የመማሪያ ክፍሎቹ ስፋት፣ በክህሎት ማሠልጠኛው ክፍል ያሉት ሰው መሰል የመለማመጃ አሻንጉሊቶች፣ ሁሉም ተቆጥረው ተጽፈዋል። ከሆስፒታል ጋር የተፈራረምነው የመግባቢያ ሰነድም ነበረ፤ ፊርማውም ማኅተሙም የተሟላ ነው። ይሁንና ሰነዱን ያረቀቅነው እኛው ነንና፣ በየትኛው ዋርድ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በስንት አልጋ ላይ፣ ከማን ጋር ተጋርተን እንደምናስተምር የሚናገር አንድም መስመር አላሰፈርንበትም። በኋላ የደረሰብን ሁሉ ከዚያ ካልጻፍነው መስመር የመጣ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ተማሪ ጥቂት ስለነበር ጉድለቱ አልታየንም። ሁለተኛውን ዙር በእጥፍ ስንቀበል ግን ታየን። ቦታው በከተማችን ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ በሕፃናት ዋርድ ውስጥ ነው። ከደራ ገጠር የመጣች አንዲት እናት የሳንባ ምች የያዘውን የሁለት ዓመት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። መምህሩ የልጁን አተነፋፈስ ለማሳየት ተማሪዎቹን ጠራ፤ የእኛ አሥራ አንዱ በአልጋው ዙሪያ ቆሙ፤ ከሌላ ተቋም የመጡ ስድስት ተማሪዎችም ትምህርቱ እንዳያመልጣቸው ከኋላ ተጠጉ። ሴትዮዋ ዙሪያዋን አየች፤ ነጠላዋን አውርዳ ልጁን ሸፈነችውና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ስጠጋት የተናገረችውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ «እህቴ፣ አልነገራችሁኝም እንጂ ልጄ አልቋል ማለት ነው። ካላለቀ ይህ ሁሉ ሰው ምን ሊያደርግ ይከበኛል?» አለች።

በእርሷ አገር አንድን አልጋ ሰው እንዲህ የሚከበው ነፍስ ስትወጣ ነው። ልጁ ደኅና እንደሆነ፣ ኦክስጅኑም ሊነሳለት እንደተቃረበ ነግረን እስክናሳምናት ረጅም ጊዜ ወሰደብን፤ ያን ቀን ከተማሪዎቹ መካከል የልጁን አተነፋፈስ የቆጠረ አንድም አልነበረም።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ሠላሳ አልጋ ያለው ዋርድ አለ እንበል፤ ሦስት ተቋማት እያንዳንዳቸው ሃያ ተማሪ ከላኩበት ለአንድ በሽተኛ ሁለት ተማሪ ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ይህ በወረቀት ሲታይ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ከሠላሳው በሽተኛ ያን ጠዋት የሽንት ቱቦ የሚገባለት አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ካኑላ፣ ማለትም በደም ሥር የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ የሚቀየርለት አምስት ወይም ስድስት ይሆናል፤ ቁስል የሚታጠብለት ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ስድሳዎቹም ወደሚቀልለው ሥራ ይጎርፋሉ። የአንድ አዛውንት ደም ግፊት በአንድ ጠዋት ሰባት ጊዜ ተለክቶ፣ ሰባት የተለያየ ቁጥር በሰባት ማስታወሻ ደብተር ላይ ተጽፎ አይቻለሁ። አዛውንቱ በስምንተኛው ተማሪ ላይ እጃቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተው «ልጄ፣ ከእነዚያ ጠይቂያቸው» አሉ። እንዲህ ያለው ተማሪ የሠራው ልምምድ የሚመዘገብበትን ደብተር፣ ሎግ ቡኩን፣ በፊርማ ሞልቶ ይመረቃል፤ ጤና ጣቢያ ተመድቦ ብቻውን ሌሊት ሲያድር ግን እጁ ይንቀጠቀጣል።

አገራችን ነርስ ማሠልጠን ስትጀምር ይህ ችግር በዚህ መልኩ አልነበረም ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። በ1940ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የቀይ መስቀል ነርሶች ትምህርት ቤት ከሆስፒታል ጋር ተያይዞ የተቋቋመ ነው፤ ተማሪዋ ከክፍል ወጥታ ዋርድ ትገባለች፤ ትምህርት ቤቱም የሚያሠለጥነው ሆስፒታሉ በሚችለው ልክ ነው። ከእኛ ሐይቅ ማዶ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ፤ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ጤና ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሰልፎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ላካቸው። የዛሬዎቹ ኮሌጆች ግን፣ የእኛም ጭምር፣ የተወለድነው በኪራይ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መማሪያ ክፍል። አልጋውን የምናገኘው በእንግድነት ስለሆነ የእንግዳ ጠባይ ልንማር ይገባን ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ከአንድ የጥበቃ ሠራተኛ አፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንድ ምሽት የረሳሁትን ቦርሳ ፍለጋ ወደ ዋርዱ ስመለስ በሩ ላይ የነበሩት አባት «ቀን ቀን በእናንተ ልጆች መተላለፊያ የለም፤ ማታ ግን ሰው ጠፍቶ ሲስተሯ ብቻዋን ስትሮጥ ታድራለች» አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩበት ይህንኑ ነው። አንድ አልጋ በቀን ሃያ አራት ሰዓት አለው፤ እኛ ግን የምንጠቀመው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ያለውን ብቻ፣ ያውም ከሌሎቹ ተቋማት ሁሉ ጋር ተጋፍተን ነበር። የቀኑ ትኩሳት የሚያገረሸው፣ የቀዶ ሕክምና በሽተኛ ሕመም የሚጠናበት፣ አስታማሚው ከአልጋው ሥር እንቅልፍ ሲጥለው በሽተኛው ብቻውን የሚቀረው ማታ ነው። ስለዚህ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ያሉትን ተማሪዎች በሦስት ፈረቃ ከፈልናቸው፤ በአንድ ፈረቃ በአንድ ዋርድ ከስድስት በላይ እንዳይገቡ ወሰንን፤ ለእያንዳንዱም ተማሪ ከአንድ ነጠላ ሥራ ይልቅ በሽተኛ መደብንለት። ሁለት በሽተኛ ትረከባለህ፤ የሚበሉትን፣ የሚጠጡትን፣ ሽንታቸውን፣ መድኃኒታቸውን፣ ፍርሃታቸውን ታውቃለህ፤ ጠዋት ለሚመጣው ፈረቃ ታስረክባለህ።

የወላጆች ተቃውሞ ቀላል አልነበረም። «ሴት ልጄ ሌሊት የት ነው የምታድረው?» ብለው የመጡ አባት ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ተነጋግሬያለሁ፤ ጥያቄያቸውም ትክክል ነበር። ኮሌጁ አንድ መኪና ለማታ ፈረቃ እንዲመድብ፣ ማንም ተማሪ በራሱ ባጃጅ ፈልጎ እንዳይመጣ፣ ሌሊት ያደረ ተማሪ በማግሥቱ ክፍል እንዳይገባ የተወሰነው ከእርሳቸው ጋር ከተነጋገርን በኋላ ነው።

ፈረቃው ሌላ ችግር አመጣብን፤ የኮሌጁ መምህራን ሌሊት ሊያድሩ አይችሉም። ስለዚህ ከዋርዱ ነርሶች መካከል ፕሪሴፕተሮችን፣ ማለትም ተማሪውን በሥራ ላይ እያሳዩ የሚከታተሉትን፣ መምረጥ ነበረብን። የመረጥናቸው በአገልግሎት ዘመን ብልጫ አይደለም፤ ዋርዱን እየዞርኩ አስታማሚዎችን «ስሟን የምታውቋት ነርስ ማን ናት?» ብዬ ጠየቅሁና በተደጋጋሚ የተጠሩትን ያዝኩ። መጀመሪያ ያሰብነው አበል ነበር፤ ክፍያው በየጊዜው እየዘገየ ጭራሽ ማኮራረፊያ ሆነ። የሠራልን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለማስተርስ የመግቢያ ፈተና ለሚዘጋጁት የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍትና ኢንተርኔት መክፈታችን ነው። ሁለተኛውና ዋናው ከተግባር ልምምዱ ውጤት አርባ በመቶው በፕሪሴፕተሯ እጅ እንዲሆን ማድረጋችን ነው፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው የዋርዷን ነርስ እንደ አስተማሪው ያከብራት ጀመር። ከእነርሱ አንዷ ተማሪዎቹ ቴርሞሜትር ከማውጣታቸው በፊት የበሽተኛውን እጅ እንዲይዙ ታስገድዳቸዋለች፤ ምክንያቱን ስጠይቃት «መሣሪያው ሲበላሽ ምን ሊያደርጉ ነው?» አለችኝ።

ስለ ክህሎት ማሠልጠኛው ክፍል ብዙ አልልም። ውድ አሻንጉሊቶች መኖራቸው ይጠቅማል፤ የመርፌ አወጋግን ግን በብርቱካን፣ የቁስል አሰፋፍን ደግሞ በስፖንጅ ላይ ማስጀመር ይቻላል። ዋናው ነገር ተማሪው በጣቢያ ተከፋፍሎ የሚሰጠውን የተግባር ፈተና፣ ኦስኪ የምንለውን፣ ሳያልፍ አልጋ አጠገብ እንዳይደርስ በሩን መዝጋት ነው።

ሳላስበው ከሁሉ በላይ ጊዜዬን የወሰደው ቋንቋ ነው። የምናስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፤ በሽተኛው የሚናገረው አማርኛ ነው፤ ከአዊ የሚመጣው ደግሞ አገውኛ ይናገራል። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከሜጫ ገጠር የመጡ አባት ዘንድ ሄዶ «አባባ፣ ፔይን አለዎት?» ሲላቸው ሰምቻለሁ። አባባ ልጃቸውን ዘወር ብለው አዩትና «ምን አለዎት ነው የሚለኝ?» አሉ። ተማሪው ያደገው ከእርሳቸው ቀበሌ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው፤ እናቱ ዘንድ ሲሄድ «ወጋኝ»፣ «ቆረጠኝ»፣ «ቆረጠመኝ»፣ «ለበለበኝ» የሚሉትን ቃላት ለያይቶ ይናገራል፤ ጋውን ሲለብስ ግን ሁሉም «ፔይን» ይሆንበታል። ውጋት ጎን ላይ የሚመጣ ነው፤ ቁርጠት የሆድ ነው፤ ቁርጥማት የመገጣጠሚያና የአጥንት ነው። መጽሐፉ በአራት መስመር የሚያብራራውን የሕመም ዓይነት በሽተኛው በአንድ ግስ ነግሮህ ሳለ፣ ያንን ጥሎ በቁጥር ከአንድ እስከ አሥር ስጠኝ ማለት የተሰጠህን መረጃ መመለስ ነው።

ስለዚህ ከተማሪዎቹ ጋር አንድ መዝገብ ጀመርን። እያንዳንዱ ተማሪ ከፈረቃው ሲወጣ በሽተኛው ሕመሙን የገለጸበትን አንድ ቃል ከነምልክቱ ይጽፋል። «ልቤን አመመኝ» የሚሉ እናት ብዙውን ጊዜ እጃቸውን የሚያሳርፉት ጨጓራቸው ላይ ነው፤ ይህን ያላወቀ ተማሪ ወደ ልብ ሕመም ይሮጣል፤ በተቃራኒው ደግሞ «ጨጓራ ነው» ብሎ የናቀውም እውነተኛውን የልብ ሕመም ያልፈዋል፤ ስለዚህ ደንባችን «በጣትዎ ያሳዩኝ» ማለት ነው። «ምች መታኝ» ያለው ሰው ከንፈሩ ላይ ቁስል ይዞ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ብቻ ይዞ፣ ያውም ከፎገራ ሜዳ የመጣ ከሆነ ግን ዳማከሴ አሽቶ ስንት ቀን እንደቆየ ጠይቆ ቶሎ የወባ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። መዝገቡ ዛሬ ሦስተኛ ደብተሩ ላይ ደርሷል። ለትምህርት ክፍሉ ከገዛናቸው ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ እርሱ ነው።

የኅብረተሰብ ጤና ልምምዱን በሐይቁ ዳርቻ አደረግነው። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ልጆቹ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ጋር በቡናው ጥላ ሥር ከቤት ቤት ይዞራሉ። አንድ ተማሪያችን በደንገል ታንኳ ከሚያጠምድ ሰው ጋር ስለ ቢልሃርዚያ፣ በውኃ ውስጥ በቆዳ በኩል ስለሚገባው ትል በሽታ፣ ያደረገውን ንግግር በግምገማ ላይ ነግሮናል። ሃንድአውቱ «ከተበከለ ውኃ ጋር ንክኪ ማስወገድ» ይላል፤ እርሱም እንዳለ አነበበለት። አጥማጁ «አንተ ልጅ፣ ውኃ ካልገባሁ አሣው ወደ ቤቴ ይመጣልኛል?» አለው። ተማሪው መልስ አልነበረውም። ለሁለት ቀን ተወያየንበት፤ ውኃ ውስጥ መግባቱን ማስቀረት ካልተቻለ ሰገራ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ መጸዳጃ ቤቱ ላይ መሥራት፣ ሕፃናቱ በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውኃ እንዳይዋኙ ማድረግ፣ ለትምህርት ቤት ልጆች የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ማንም ሳይቀር እንዲወስደው መከታተል የሚሉት ሐሳቦች የመጡት ከዚያ ውይይት ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በጸጥታው ምክንያት እንዲህ ያለውን ጉዞ እንደ ልብ ማድረግ አልቻልንም፤ ብዙውን ልምምድ ወደ ከተማው ጤና ጣቢያዎች መልሰነዋል፤ ልምምዱ ቀጥሏል፤ አጥማጁ ግን የለበትም።

የመምህራን ጉዳይ መላው ጠፍቶኛል። በማስተርስ እናስተምራቸዋለን፣ የአገልግሎት ውል እናስፈርማቸዋለን፣ ውሉ ሲያልቅ፣ አንዳንዴም ሳያልቅ፣ ይሄዳሉ። ደመወዛችን ከእርዳታ ድርጅቶች ጋር ስለማይወዳደር አልፈርድባቸውም። አንድ ነገር ላይ ግን ግትር ነኝ፤ ማንኛውም የተግባር መምህር በሳምንት አንድ ቀን ዋርድ ገብቶ ራሱ በሽተኛ ይረከባል። ይህን ጠልቶ የለቀቀ ጎበዝ መምህር አለኝ፤ በመልቀቁ አዝኛለሁ፤ ደንቡን ግን አላነሳሁትም።

ከዚያ የፈተናው ዘመን መጣ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በግል ኮሌጆች ደጃፍ ላይ የነበረው የምዝገባ ሰልፍ ተነነ። በተከታዩ ዓመትም ቁጥሩ 3.2 በመቶ ነበር። ያን ጊዜ የኮሌጃችን ቦርድ ውስጥ ነርሲንግ ይዘጋ የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ከግል ተቋማት ተፈትነው ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእኛ ተማሪዎች ከዚያ የተሻለ ቢያመጡም ከጠበቅሁት በታች ነበር። የወደቁትን አንድ በአንድ ጠርቼ አነጋገርኳቸው። አብዛኛዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንን የጠዋት ግርግር የቀመሱ፣ ፈረቃው ከመደራጀቱ በፊት ሎግ ቡካቸውን በፊርማ የሞሉ ነበሩ። ፈተናው «ይህ በሽተኛ እንዲህ ሲሆን አስቀድመህ ምን ታደርጋለህ?» እያለ ይጠይቃል፤ በሽተኛ ተረክቦ ያላደረ ሰው አራቱም ምርጫ ልክ ይመስሉታል።

ዘንድሮም ዲኑ በነሐሴ መጡ። ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሥራ ከጀመረ ወዲህ በከተማችን የአልጋው ቁጥር ጨምሯል፤ የሚጋሩት ተቋማትም የዚያኑ ያህል በርክተዋል። ቦርዱ መቶ ሃያ ተማሪ ይፈልጋል። እኔ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋሁት አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ ወደ ታች ዋርዶቹ፣ ወደ ጎን ሦስቱ ፈረቃዎች፣ በየሳጥኑ የፕሪሴፕተሯ ስም። ስም ያለባቸውን ሳጥኖች ቆጠርን፤ ስድሳ አራት ተማሪ ወጣን። ዲኑ ባዶዎቹን ሳጥኖች በጣታቸው እየነኩ «እነዚህስ?» አሉኝ። አብዛኞቹ የሌሊት ፈረቃ ናቸው፤ መኪናው አንድ ብቻ ነው፤ ሾፌሩም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ መቆየት አይፈልግም። ሁለተኛ መኪና ከተገኘ ሰማንያ እንደርሳለን አልኳቸው። የመኪናውን ዋጋ ለማጣራት ስልካቸውን እያወጡ ከቢሮዬ ወጡ።